ኡካ ድረስ፣ በራሷ ሞተር

ዓርብ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ መቱ

ቁልፉን አዞርኩ። ከኮፈኑ ሥር «ጭክ» የምትል አንዲት ድምፅ መጣችና ዝም አለች። ደግሜ አዞርኩ። ያቺው «ጭክ»። መብራቱ ቦግ ብሎ በርቷል፣ ጥሩምባው የሰፈሩን ውሻ ሁሉ ቀስቅሷል፣ ሞተሩ ግን ወይ ፍንክች።

ሞተሪኖው፣ ማለትም ሞተሩን የሚያስነሳው ዕቃ፣ ገና ትናንት የተቀየረ ነው። አዲስ ነው። ትናንት አንዴ እያቃሰተችም ቢሆን ተነስታልኝ ነበር፤ መካኒኩ ጋሼ ደምሴ «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይላመዳል» ብለው ሸኙኝ። ይኸው ተላመደ። በዚያ ጭጋግ ውስጥ ቆሜ የተሰማኝን አልደብቃችሁም፤ የማገኘውን የመጀመሪያ ሰው በጥፊ ባጮለው ደስ ይለኝ ነበር።

ለምን እንደዚያ እንደተንገበገብኩ ላስረዳ። መቱ ውስጥ የማር ሱቅ አለኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ማሬን ከኡካ፣ ከጎሬና ከሶር አካባቢ ያመጣሁት በሰው መኪና ነው። ባለ መኪናው ሲፈልግ እሄዳለሁ፣ ሳይፈልግ እቀራለሁ። «ዛሬ ቦታ የለም» ሲለኝ ጀሪካኖቼን ይዤ መንገድ ዳር ቁጭ እላለሁ። ቦታ ሲኖር ደግሞ ማሬ ላይ ቆዳ ይጫንበታል፣ በግ ይቆምበታል። «ስንት ሰዓት ትሄዳለህ?» ብዬ ያልለመንኩት ሹፌር በኢሉባቦር የለም።

አባቴ አምና ሲሞት አሮጌ ፒካፑን ትቶ ሄደ። ወንድሜ አብዱ ኡካ ሱቅ አለው፤ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል፣ በአንደበቱ ደግሞ በሃያ። መኪናዋን ለብረት ገዢ እንስጣት ይላል። እኔ ትሠራለች እላለሁ። ሽማግሌዎች ገቡበትና እንዲህ ተቆረጠ፦ ቅዳሜ ለአባቴ ዱዓ ቤተሰቡ ኡካ ይሰበሰባል። ከቀትር ሶላት በፊት መኪናዋ በራሷ ሞተር እዚያ ከደረሰችና ግቢው ውስጥ በቁልፍ ከተነሳች የእኔ ናት። ካልተነሳች ብረት ገዢው የጭነት መኪናውን አቁሞ ይጠብቃል።

«በግፊ የምትነሳ መኪና ሬሳ ናት» አለኝ አብዱ በስልክ። ከዚያ ሳቀና፣ «የሴት እጅ የነካው ሞተር ምን እንደሚሆን እናያለን» ብሎ ጨመረ።

እናያለና።

አብረውኝ የሚሄዱት የአባቴ እህት እትዬ ሰፊያ ናቸው። እሳቸው ከእኔ ቀድመው ገቢና ገብተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል።

«ምነው ልጄ፣ አትሄድም እንዴ?»

«ትሄዳለች እትዬ።»

«ብትሄድም ባትሄድም እኔ አልወርድም። ጉልበቴ ለመውጣት ነው እንጂ ለመውረድ አይመችም።»

ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ጋሼ ደምሴ ጋራዥ

ከቤቴ እስከ ጋራዡ ቁልቁለት ነው። ፍሬኑን ለቀቅኩ፣ ተንከባለልን፣ በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ስለቀው ሞተሩ ጓ ብሎ ተነሳ። እንግዲህ ሞተሩ ጤነኛ ነው። የታመመው የሚቀሰቅሰው ነው።

ጋሼ ደምሴን ሻይና ቦንቦሊኖ ይዘው አገኘኋቸው። «አካም ቡልተን፣ ሰዓዳ» ብለው በኦሮምኛ ደህና አደራችሁ አሉኝ። ሰላምታውን አልመለስኩም።

«ጋሼ፣ ትናንት ምን ሠርተው ነው ያስረከቡኝ?»

ቦንቦሊኗቸውን አስቀመጡ። «ምን ትላለች?»

«ጭክ።»

«ባትሪ ነው።»

«ባትሪ አይደለም። መብራቱን ይዩት።»

አዩት። ከዚያ በየተራ ሁሉንም ሞከሩ። የባትሪውን ጫፎች በሙቅ ውኃ አጥበው አሰሩ፤ ጭክ። የሌላ መኪና ባትሪ አምጥተው አገናኙ፤ ጭክ። በመጨረሻ ሞተሪኖውን ፈትተው አወጡና መሬት ላይ በእግራቸው ረግጠው፣ ባትሪ ማበዳደሪያውን ገመድ ቀጥታ አካሉ ላይ አስነከሱለት። ሞተሪኖው ጮኾ ተሽከረከረ። ጋሼ ደምሴ እንደ ተፈታ እስረኛ ተነፈሱ። መልሰው ገጠሙት። ጭክ። እንደገና አወጡት፣ ተሽከረከረ። እንደገና ገጠሙት፣ ጭክ።

«መሬት ላይ ይሠራል፣ ቦታው ላይ እምቢ ይላል» አሉ፣ ለራሳቸው ይመስላል።

«ታዲያ አገጣጠሙ ነዋ ጥፋቱ!»

«ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ሞተሪኖ ገጥሜአለሁ።»

«ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሲገጥሙ ከኖሩ ለመቱ ሕዝብ አዝናለሁ።»

ይኼን ያልኩት ልጆቻቸውን በሚያክሉ ሠራተኞች ፊት ነው። ሰውየው ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር፤ እጃቸውን በናፍጣ አጥበው በጨርቅ አደረቁና፣ «ጎሬ ኦቦ ተሊላ የሚባል የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አለ። እኔ የማላየውን እሱ ያያል። እኔ እንደላክሁሽ ንገሪው» አሉኝ። ደህና ዋሉም ሳልል ወጣሁ።

በዚህ ቦታ ስለ ቀለም አንድ ነገር ጣል ላድርግ፣ ኋላ ያስፈልጋችኋል። በእኛ አገር ዝናቡ ዓመቱን ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው፣ ብረት ደግሞ ዝናብን አይችልም። አባቴ ዝገትን እንደ ደመኛው ነበር የሚያየው። በሩን፣ አልጋውን፣ የዶማውን ማነቂያ፣ የሱቁን ቁልፍ ሳይቀር ቀዩን አንቲረስት ቀብቶ ነበር የሚያኖረው። እኛም ልጆቹ እንደዚያው ሆነን ቀረን። ኢሉባቦር ውስጥ ቀይ ብረት ስታዩ «ሰው ያለው ቤት ነው» ትላላችሁ እንጂ ማንም አይጠረጥርም።

ዓርብ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ወደ ጎሬ

ከመቱ የተነሳነው በግፊ ነው። ከጁምዓ ሶላት የሚመለሱ ነጋዴዎች ሰባት ስምንት ሆነው፣ ጀለቢያቸውን በአንድ እጅ ሰብስበው ገፉን። እትዬ ሰፊያ ገቢና እንደ ተቀመጡ «በርቱ ልጆቼ፣ አላህ ይስጣችሁ» እያሉ ይመርቃሉ። አንዱ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ «እትዬ፣ እርስዎ ቢወርዱ እኮ ይቀለን ነበር» አላቸው።

«እኔ ምን እከብዳለሁ» አሉት። «ገፋ አድርግ።»

ስትነሳ ሁሉም በአንድ አፍ የተናገረው አንድ ነገር ነው። «እንዳታጠፊያት!» ነዳጅ ቀጂው፣ የኬላ ጠባቂው፣ ሚኒባስ ረዳቱ በመስኮት ተንጠልጥሎ፣ ሁሉም እንዳታጠፊያት ይለኛል። መኪናዋ የእሳት ፍም ሆነች፣ እኔ ደግሞ በእፍኜ ይዣት የምሮጥ።

መንገዱ በሁለት በኩል ደን ነው። ከዋንዛውና ከቀረሮው ሥር ቡናው ቀይ ፍሬ ይዞ ጎንበስ ብሏል። በየደጃፉ ሸራ ላይ ቡና ተሰጥቷል፤ ዝናብ ሲያጉረመርም ሴቶች ወጥተው ሸራውን ከአራት ማዕዘኑ ያጥፋሉ፣ ሲተወው መልሰው ይዘረጋሉ። ሞተሩን ሳላጠፋ መንገድ ዳር ቆሜ ከአንዲት ሴት የተቀቀለ ጎደሬ ገዛሁ። ሴትየዋ በቅጠል ጠቅልላ፣ ዳር ላይ ሚጥሚጣ አድርጋ ሰጠችን።

እትዬ ሰፊያ ጎደሬውን የሚቆርጡበት ሲፈልጉ ከበሩ ኪስ ውስጥ የአባቴን ቢላዋ አወጡ። አጭር ነው፣ እጀታው በላስቲክ የተጠመጠመ። ስለቱ ሥር ቀይ ትቢያ ተጋግሮበታል።

«ምን ሲቆርጥበት ነበር በአላህ?» አሉ፣ በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። አልለቅ ሲላቸው ጎደሬውን በእጃቸው ገመሱት።

«ሸንኮራ ይሆናል» አልኩ። ሸንኮራ ቀይ እንዳልሆነ ያን ጊዜ አላሰብኩም። ያን ጊዜ የማስበው ስለ አብዱ ሳቅ ነው።

ጎሬ ስንደርስ ጭጋጉ ኮረብታውን ለብሶት ነበር። የምናድርበት የእትዬ ሰፊያ አማቾች ቤት አፋፉ ላይ ስለሆነ መኪናዋን አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አድርጌ አቆምኳትና አጠፋኋት። ጎሬ ላይ ሞተሪኖ የሌለው ሰው አይቸገርም፤ ከተማዋ ራሷ ትገፋዋለች። ኡካ ያለው የአባቴ ግቢ ግን እንደ ገበታ የተስተካከለ ነው። አብዱ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ጎሬ

ኦቦ ተሊላ ሱቃቸውን ሲከፍቱ መኪናዋን በቁልቁለቱ አንከባልዬ አውርጄ ደጃቸው ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ቀጭን፣ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ ሰው ናቸው። ግድግዳው ላይ የተፈቱ ሬዲዮኖች፣ የመኪና መብራቶች፣ እንደ ድር የተንጠለጠለ ሽቦ። ጋሼ ደምሴ ልከውኝ ነው ስላቸው ፊታቸው ፈታ አለ።

«ደምሴ? እሱ ያልቻለው ነገር ከሆነማ መኪናው ውስጥ አይደለም ጥፋቱ፣ ሰው ላይ ነው።»

ይቺን ሰማኋት፣ ግን ለራሴ አልወሰድኳትም።

«እስከ ቀትር ኡካ መድረስ አለብኝ» አልኳቸው። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ነገርኳቸው። አብዱን፣ ብረት ገዢውን፣ ሃያ ዓመት የጠበቅኋቸውን ሹፌሮች ሁሉ። ድምፄ የተንቀጠቀጠው ከንዴት ነው፤ ከሌላ ነገር ነው ብሎ የሚያስብ ካለ መብቱ ነው።

«ቶሌ» አሉ። እሺ ማለታቸው ነው። «አዙሪው።»

ጭክ።

አንድ ወፍራም ገመድ አመጡ። አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን በመንጋጋው ሞተሪኖው አካል ላይ አስነከሱት። «አሁን አዙሪው።»

ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። በቁልፍ ተነሳ። ገቢና ያሉት እትዬ ሰፊያ «አልሐምዱሊላህ» ሲሉ እኔ እዚያው መሪው ላይ ተደፋሁ።

«ደስ አይበልሽ፣ ገና ነው» አሉ ኦቦ ተሊላ። አስጠፍተውኝ ገመዱን ነቀሉ። «ሞተሪኖው ደህና ነው፣ ባትሪው ደህና ነው። ኤሌክትሪኩ ሄዶ ይደርስና የሚመለስበት መንገድ ያጣል። የሚመለሰው ሞተሪኖው ከሞተሩ ጋር በሚነካካበት ብረት በኩል ነው። የባትሪው ገመድም እዚያው ቡሎን ሥር ነው የታሰረው። ብረት ከብረት ካልተነካካ አይመለስም።»

ከሥሯ ገቡ። ቡሎኖቹን ሲፈቱ ይሰማኛል። ከዚያ ድምፃቸው ከመኪናዋ ሥር መጣ።

«ይኼን አንቲረስት የቀባው ማነው?»

ጆሮዬ ጋለ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው። አዲሱን ሞተሪኖ ከሱቅ ስቀበል አብረቅራቂ ነበር፤ እንዲህ ዓይነት ራቁት ብረት ኢሉባቦር ውስጥ አንድ ክረምት አይሻገርም ብዬ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ በብሩሽ ቀባሁት። አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ። የሚቀመጥበትን ፊቱን፣ የቡሎኖቹን ቀዳዳ፣ ቡሎኖቹን ራሳቸውን። የባትሪውን ገመድ ጫፍ እንኳ ፈትቼ ቀብቻለሁ። እየቀባሁ አባቴን አስታውሼ አልቅሻለሁ። እሱ ቢሆን እንዲህ ነበር የሚያደርገው ብዬ። ጋሼ ደምሴ መሬት ላይ ሲሞክሩት የሠራው የገመዱ መንጋጋ ጥርስ ቀለሙን ነክሶ ስለገባ ነው። ቀዩን ቀለም አይተውታል፣ ግን መቱ ውስጥ ቀይ ብረት ማንን ያስደነግጣል?

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ከሥር እንዲሰሙኝ ደግሜ፣ ጮክ ብዬ፣ «እኔ ነኝ የቀባሁት ኦቦ ተሊላ» አልኩ። መዋሸት እችል ነበር። ግን በራሴ እጅ የተሠራን ነገር ለሰው መስጠት አልወድም፣ ጥፋትም ቢሆን።

«መፋቂያ ስጪኝ እንግዲህ።»

ከበሩ ኪስ የአባቴን ቢላዋ አቀበልኳቸው። ከመኪናዋ ሥር ወጡና መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ስለቱን አገላብጠው አዩት። ሥሩ ላይ የተጋገረውን ቀይ በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉ።

«ይኼ የማን ነው?»

«የአባቴ።»

«አባትሽ ያውቅ ነበር» አሉ። «ይቀባል፣ ከዚያ የሚነካካውን ቦታ ብቻ ይፍቃል።»

አባቴ ሲቀባ አይቼዋለሁ። ሲፍቅ አላየሁትም። የሚቀባው እኛን ፊቱ ሰብስቦ፣ እያስተማረ ነው፤ የሚፍቀው መኪናዋ ሥር ተኝቶ፣ ብቻውን። ስንት ነገር እንዲህ በግማሹ ተምሬ ይሆን? ለማንኛውም ቢላዋውን መልሼ ተቀበልኳቸው። «እኔ ነኝ የምፍቀው» አልኩና ቀሚሴን ጠቅልዬ ሥሯ ገባሁ። ቀዩ እየተላጠ ፊቴ ላይ ይረግፋል። ከሥሩ ነጭ፣ ንጹሕ ብረት ወጣ። ሞተሪኖውን ፋቅሁ፣ መቀመጫውን ፋቅሁ፣ የገመዱን ጫፍ፣ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ። ኦቦ ተሊላ ገጥመው አጠበቁልኝ።

ቁልፉን አዞርኩ። ተነሳች። አጠፋኋት፣ አዞርኩ፣ ተነሳች። አራቴ እንዲህ አደረግሁ፣ አፋፉ ላይ ቆመው የሚያዩን ሰዎች እስኪስቁ ድረስ።

ከመሄዴ በፊት መቱ ደወልኩ። «ጋሼ ደምሴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ትናንት እኔ በተናገርኩበት ልክ ጮክ ብለው ለሠራተኞችዎ ይንገሩልኝ፣ ሰዓዳ ተሳስታለች ይበሉ።»

«ስትመለሺ ራስሽ ትነግሪያቸዋለሽ» አሉ። ሲስቁ ግን ሰማኋቸው።

ቅዳሜ፣ 4 ሰዓት፣ የኡካ መንገድ

አስፋልቱን ትተን ጠጠሩ ላይ ወጣን። ቀይ ጭቃ፣ የጎማ ቦይ፣ በቦዩ ውስጥ የሚወርድ ውኃ። እትዬ ሰፊያ ጣሪያውን በአንድ እጅ ደግፈው ይዘዋል። አንድ ጠርዙ የተሰበረ የእንጨት ድልድይ ጋ በሬዎች እስኪያልፉ ሞተሩን አጠፋሁ።

«ለምን አጠፋሻት?» አሉ ደንግጠው።

«ስለምችል።»

ገበያ የሚሄዱ ሁለት ሴቶች ማር በቅል አዝለው አገኘን፤ ጫንኳቸው። ኋላ ላይ ተቀምጠው ያወራሉ፣ ይስቃሉ። ዝናቡ መጣ፣ መጥረጊያው አንዱ ብቻ ነው የሚሠራው፣ እሱም በእኔ በኩል ያለው ነው። ይበቃል።

ቅዳሜ፣ 6 ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው፣ ኡካ

ግቢው ሙሉ ነው። ሽማግሌዎች ዛፉ ሥር ምንጣፍ ላይ፣ ሴቶች ከድስቶቹ ጋር፣ ከአጥሩ ውጪ የብረት ገዢው የጭነት መኪና። ገዢው በሩን ከፍቶ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀምጧል። አብዱ ጃንጥላ ይዞ መጣ።

ከዘመዶቻችን አንዱ አስቦልኝ ሮጦ በመስኮት ሊገባ ደረሰ። «እንዳታጠፊያት ሰዓዳ! እንደተነሳች አሳዪያቸው!»

አጠፋኋት።

ወረድኩ። ቀሚሴ ጭቃ፣ ፊቴ ቀይ ትቢያ። ቁልፉን ለአብዱ ዘረጋሁለት።

«አንተ አዙረው።»

ጃንጥላውን ለሰው ሰጥቶ ገባ። የአባቴ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ትንሽ ቆየ። ከዚያ አዞረው። ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሳ። አላመነም፤ አጥፍቶ ደገመው። ተነሳ። እትዬ ሰፊያ ከጎኑ ተቀምጠው ቀጥታ ወደ ፊት ያያሉ፣ እንደማያውቁት ሰው።

«ምን ሆና ነበር?» አለኝ ወርዶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። ነገር ግን ሽማግሌዎቹ እንዲሰሙ አድርጌ ነገርኩት። «እኔ ነኝ ያበላሸኋት። ሞተሪኖውን አንቲረስት ቀባሁት። የሴት እጅ ነው አልክ፣ አዎ የእኔ እጅ ነው። ያበላሸውም እሱ ነው፣ ፍቆ ያስተካከለውም እሱ ነው።» ቢላዋውን አሳየሁት።

አብዱ ቢላዋውን ተቀብሎ የተጋገረውን ቀይ አየ። እሱም ከእኔ ጋር አብሮ ነው ቀለም ሲቀባ ያደገው፤ ከኋላው ያለው የሱቁ በር ቀይ ነው።

«እኔም ብሆን እቀባው ነበር» አለ። ቁልፉንና ቢላዋውን አንድ ላይ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝና ወደ ብረት ገዢው ሄደ። ምን እንዳለው አልሰማሁም። የጭነት መኪናው ሲዞር ግን አየሁ።

እሁድ፣ ጠዋት፣ ኡካ

ዛሬ የጫንኩት ማር ብቻ ነው። ጀሪካኖቹ ቀጥ ብለው፣ ምንም ሳይጫንባቸው ተደርድረዋል። እትዬ ሰፊያ እንደ ልማዳቸው ቀድመው ገብተዋል። አንድ ሰውዬ ከሚስቱና ከሁለት ኩንታል ቡና ጋር ከአጥሩ ሥር ቆሞ ሲጠብቀኝ ቆይቶ ቀረብ አለ። እኔ ሃያ ዓመት በቆምኩበት ቦታ ነው የቆመው፣ በዚያው አቋቋም።

«እትዬ ሰዓዳ» አለኝ፣ «ስንት ሰዓት ትሄጃለሽ?»

የጠበቅሁት ጥያቄ ነው። መልሱንም ሃያ ዓመት አዘጋጅቼዋለሁ፦ ስፈልግ።

አፌ ላይ ደርሳ ነበር። ሚስቲቱ ጆንያው ላይ ተቀምጣ፣ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታሻለች። መንገድ ዳር እንደዚያ የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚያስብ እኔ አውቃለሁ።

«አሁን» አልኩት። «ቡናህን አምጣ፣ ቦታ አለ።»